ነገ ጠዋት ቀብድ ክፈል ተብያለሁ፤ ሐርቡ አጠገብ ያለውን መሬት ልግዛ ወይስ ይቅር?

የሸዋበሩ (ጠያቂ)፦
ጀመዓ፣ ፈጣን መልስ እፈልጋለሁ። ሐርቡ አጠገብ ሁለት ጥማድ መሬት አግኝቻለሁ። ማንጎና ፓፓያ አለው፣ ውሃም ቅርብ ነው። በ600 ሺህ ተስማምተናል። የደሴ ብርድ የእናቴን ጉልበት ጨረሰው። ሱቁን ለወንድሜ ትቼ ቆላ መውረድ ነው ሐሳቤ። ዛሬ ውል ልንጽፍ ስንሄድ ጸሐፊው «ሽያጭ ብዬ አልጽፍም፣ የብድር ውል እናድርገው» አለ። ሻጩ ሰውዬ ደግሞ ነገ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት 100 ሺህ ቀብድ ካልሰጠኸኝ ሌላ ገዢ አለ ይላል። ብድር ተብሎ ቢጻፍ ችግር አለው?

ቦሩ ሜዳ፦
አትክፈል።

የሐረጎ ሹፌር፦
ሐርቡ ላይ ቀብድ የምትቀበለው የወባ ትንኝ ናት። ደሴ 2,500 ሜትር ላይ ተቀምጠህ አታውቃትም። ሃሃሃ።

ሕግ ነክ፦
በመጀመሪያ ደረጃ የገጠር መሬት አይሸጥም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3ም አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ዘጋው። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ያከራያል፣ ያወርሳል፣ ሕጉ በሚፈቅደው ልክ በስጦታ ይሰጣል። ብድር እያሉ የሚጽፉት ሽያጩን ለመሸፈን ነው። ፍርድ ቤት ሲደርስ ፈራሽ ይባላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ተቀብሎ ውል ያፈረሰ ሰው እጥፉን ይመልሳል፤ ይህ ግን ውሉ ሕጋዊ ሲሆን ነው። ሕዝባችን ሕግ የሚጠይቀው ገንዘቡ ከሄደ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል። ይህን ጉዳይ ሰፋ አድርገን ብናየው...

የሐረጎ ሹፌር፦
አቦ! ሰውየው እኮ ለነገ ጠዋት ነው የጠየቀው። ችሎት አደረግከው።

ማሾ ነጋዴ፦
ሰው ሁሉ እየገዛ ነው ባካችሁ። አጎቴ በቃል ገዝቶ ይኸው እያረሰ እየበላ ነው። «ማንጎውን ሸጥኩለት» ብላችሁ ጻፉ፣ አለቀ።

ሕግ ነክ፦
ያለማውን ንብረት መሸጥ ይችላል፣ አንቀጽ 40(7) ይፈቅዳል። ዛፍ ስለገዛህ ግን አፈሩ ያንተ አይሆንም። ነቅለህ ውሰድልኝ ቢልህስ?

የገራዶዋ እናት፦
ልጄ፣ ለጉልበታቸው ብለህ እናትህን ወባ ልታስይዛቸው ነው? ኮምቦልቻ ቤት ተከራይላቸው። እንደ ደሴ አይበርድም። ወባ እዚያም አለ፣ ግን ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው። እርሻውን አንተ እየተመላለስክ ሥራ።

ቃሉ ገበሬ፦
እኔ እዚሁ ሐርቡ ነኝ። የይዞታ ደብተሩን አይተኸዋል? በማን ስም ነው? ሚስት ካለችው እሷም መፈረም አለባት። ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? ከቦርከና ወንዝ ከሆነ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ይገባበታል። በበጋ ደግሞ ውሃ በተራ ነው፣ ተራውን የሚያከፋፍሉትን የውሃ አባቶች አናግረሃል? የማንጎውን ቅጠልስ ቀረብ ብለህ አየኸው? ነጭ ነገር ከተለጠፈበት ስኬል የሚሉት ተባይ ነው። ፍሬው ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ያወጣና ገበያ ላይ የሚያነሳው ይጠፋል።

የሸዋበሩ፦
ደብተሩ በአባቱ ስም ነው፣ አባትየው ካረፉ ቆይቷል። ሚስቱን አላየኋትም። ውሃው ከጎረቤት ቦይ ነው። ቅጠሉ ላይ ነጭ ነገር አለ፣ ሰውየው ግን አቧራ ነው ብሎኛል።

ቦሩ ሜዳ፦
አትክፈል ብያለሁ።

የሐረጎ ሹፌር፦
አቧራ! ሃሃሃሃ።

ቃሉ ገበሬ፦
እንግዲያው ውርሱ ገና በስሙ አልዞረም። እህት ወንድም ካለው ነገ አንዳቸው ይከሱሃል። ከቸኮልክ ነገ ጠዋት ቀብዱን ተወውና ወረዳ መሬት አስተዳደር ሂድ። ደብተሩ ይጣራልህ። ሰውየው መጀመሪያ ውርሱን ያስዙር። ከዚያ ሁሉም ፈርመው ያከራዩህ፣ ውሉንም እዚያው አስመዝግብ። ለጊዜው አንድ ዓመት ይበቃሃል። ማሾ ዝራበት፣ በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል፣ ብዙ ዝናብም አይፈልግም። ውሃው በበጋ ምን እንደሚሆን በዓይንህ ታያለህ። ቆላው ካልተስማማህ ደግሞ የምታጣው የዓመት ኪራይ ነው።

ማሾ ነጋዴ፦
የማሾ ዘር ከፈለገ በውስጥ ያናግረኝ።

የገራዶዋ እናት፦
አጎበር ይዘህ ውረድ። ደሴ ከተመለስክ በኋላ ትኩሳት ከያዘህም ጉንፋን ነው ብለህ አትተኛ፣ ቆላ ነበርኩ ብለህ ተመርመር።

የሸዋበሩ፦
እሺ እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሰውየው አሁን ደወለ። ሌላው ገዢ ዛሬ ማታ ሊከፍል ነው አለኝ። ስንት እህትና ወንድም አለህ ብዬ ስጠይቀው ስልኩን ዘጋው።

ቦሩ ሜዳ፦
ይክፈላ ሌላው።

ሕግ ነክ፦
ሌላው ገዢም ቢሆን በአንቀጽ 40...

ማሾ ነጋዴ፦
ቦታው ግን ሐርቡ የት ጋ ነው? ለአጎቴ ነው።