ላዳ 2101 አዲስ አበባ ላይ፦ የራዲያተር ክዳን 0.5 ወይስ 0.9?

ጥያቄ፦ ሰማያዊ1200

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ላዳ 2101 ናት፤ 1200 ሞተር፣ የድሮው የመዳብ ራዲያተር፣ ፋኑ በቺንጋ የሚዞር። ዳገት ላይ ውሃ ታፈላለች። አድራ ጠዋት ሲታይ ደግሞ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ልክ በእጅ እንደጨመቁት ጠፍጥፎ ይገኛል። ክዳኑ ላይ የነበረው ጽሑፍ ጠፍቷል። ሶማሌ ተራ ያገኘኋቸው 0.9 እና 1.1 የተጻፈባቸው የጃፓን ክዳኖች ናቸው። «ከፍታ ላይ ስለሆንን ትልቁን ግጠም» የሚሉኝ አሉ። የቱን ልግዛ? ቁጥሩ ከገጠመ ሌላ የማየው ነገርስ አለ?

መልስ፦ ቴስታታ

ወንድሜ፣ የ2101 ክዳን የግፊት ቫልቩ የሚከፈተው በ0.5 ኪሎ በካሬ ሴንቲሜትር ነው። የጃፓኖቹ 0.9 እና 1.1ም በዚሁ መለኪያ የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ 1.1 ብትገጥም ለዚያ አሮጌ ራዲያተር ከተሠራበት ከእጥፍ በላይ ግፊት ትጭንበታለህ። የእንግሊዝ መኪና ክዳን ካገኘህ 7 የተጻፈበት ከ0.5 ጋር፣ 13 የተጻፈበት ደግሞ ከ0.9 ጋር እኩል ነው።

ክዳን ሞተር አያቀዘቅዝም። ሥራው ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ማድረግ ነው። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የላዳ ቴርሞስታት (ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር) ደግሞ 80 አካባቢ መከፈት ጀምሮ ሙሉ ለሙሉ የሚከፈተው 94 ገደማ ሲደርስ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ እንግዲህ ቴርሞስታቱ አፉን ሙሉ ለሙሉ ሳይከፍት ውሃው ቀድሞ ይፈላል ማለት ነው። ደህና የሆነ 0.5 ክዳን ግን መፍያውን ወደ 106 ይወስደዋል። ብዙ ሰው ቴርሞስታቱን አውጥቶ የሚጥለው ይህን ሳያይ ነው፤ ጥፋቱ ግን ክዳኑ ላይ ነበር።

የቱቦው መጨፍለቅ የሌላ ቫልቭ ነገር ነው። ክዳኑን ገልብጠህ እይ፤ መሃሉ ላይ ትንሽ ክብ ቆርቆሮ አለች። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃው ስለሚኮማተር ያቺ ቫልቭ ተከፍታ ከፕላስቲኩ ማጠራቀሚያ ውሃ መልሳ ማስገባት አለባት። በጥፍርህ ሳብ ስታደርጋት ዝገት ይዟት ከነጭራሹ ካልተነቃነቀች ክዳኑ አልቋል። ከመግዛትህ በፊት ግን ወደ ማጠራቀሚያው የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ ነቅለህ ንፋባት። እሷ ከተደፈነች አዲስ ክዳንም አይመልሰውም።

መልስ፦ መዳብ ብየዳ

የከፍታውን ነገር ላብራራ፤ ግማሽ እውነት ስላለው ነው ሰው የሚሳሳትበት። ክዳን ግፊትን የሚለካው ውጭ ካለው አየር በላይ ነው። 0.5 ክዳን በባህር ጠለል ላይ መፍያውን ወደ 111 ሲያደርሰው እዚህ 106 ላይ የሚያቆመው ለዚህ ነው፤ የእኛ አየር ራሱ ስስ ስለሆነ። ያጣኸውን 5 ዲግሪ በክዳን ለመመለስ 0.75 አካባቢ ይበቃል። 1.1 የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም።

ግማሹ ውሸት የሆነበት ምክንያት ደግሞ ይኸው፦ ራዲያተሩን የሚያስጨንቀው የውስጥና የውጭ ግፊት ልዩነት ነው፤ ያ ልዩነት ደግሞ እዚህም ጅቡቲም ያው ክዳኑ ላይ የተጻፈው ነው። ከፍታ ለብየዳው ምንም አይቀንስለትም። የድሮው ራዲያተር የላይና የታች ጋኑ የተያያዘው በቆርቆሮ ብየዳ ነው። ግፊት ስትጨምር መጀመሪያ የሚያለቅሰው እዚያ ጠርዝ ላይ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ጨው ሠርቶ ታየዋለህ። ቀጥሎ የሂተሩ ቧንቧ መክፈቻ ይመጣል፤ ላዳ ላይ ደካማ መሆኗ የታወቀ ነው። ከዳሽቦርዱ ስር ምንጣፉ ከራሰና መስታወቱ ከውስጥ በጣፋጭ ሽታ ከደበዘዘ የሚያፈስሰው እሷ ናት።

መልስ፦ ቴስታታ

መዳብ ብየዳ ባለው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ራዲያተሩ አዲስ አሉሚኒየም ከሆነ፣ ቱቦዎቹና የሂተር መክፈቻዋ ከተቀየሩ 0.9 ይችላል። በዚህ መኪና ላይ ግን አልመክርም።

መልስ፦ ካሊፐር

ሁላችሁም ቁጥሩን ብቻ ነው ያያችሁት። ከቁጥሩ እኩል የሚያሳስበው ርዝመቱ ነው፤ 0.5 ተጽፎበት ዜሮ የሚይዝ ክዳን ሞልቷል።

የራዲያተሩን አንገት ተመልከት። ላይ ከንፈር አለ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ደግሞ የታችኛው ጎሚኒ የሚያርፍበት ሁለተኛ ቀለበት አለ። የእነዚህን ርቀት በካሊፐር ለካ። ከዚያ ክዳኑን ገልብጠህ ከላይኛው ጎሚኒ እስከ ታችኛው ጎሚኒ ለካ። ክዳኑ በጥቂት ሚሊሜትር መብለጥ አለበት፤ ሞላውን የሚጫነው ያ ትርፍ ነው። እኩል ከሆነ ወይም ካነሰ ጎሚኒው ወንበሩ ላይ አይደርስም፤ ውሃው በቀጭኗ ቱቦ ዝም ብሎ ይወጣል። በጣም ከረዘመ ደግሞ ወይ አይቆለፍም፣ ወይ ሞላው ከልክ በላይ ተጨፍልቆ ከተጻፈው በላይ ይይዛል።

መለኪያ ከሌለህ የታችኛውን ጎሚኒ አድርቀህ የጠመኔ ዱቄት ቀባው፤ ክዳኑን ቆልፈህ ክፈት። ያልተቆረጠ ሙሉ ክብ ምልክት ካየህ ገጥሟል። ምልክቱ በአንድ ጎን ከጠፋ አንገቱ ተጣሟል፤ ክዳን ብትለዋውጥ ለውጥ የለውም፣ አንገቱ መቃናት አለበት። ሲጨርሱ ጠመኔውን መጥረግ አይረሳ።

የላይኛው ጎሚኒም ጌጥ አይደለም። ማጠራቀሚያ ባለው መኪና ላይ እሱ ከተሰነጠቀ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በውሃ ፋንታ አየር ይስባል። ማጠራቀሚያው እየሞላ ራዲያተሩ እየጎደለ ከሄደ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ጎሚኒ ነው። አንዳንድ የድሮ የእንግሊዝ ክዳኖች ማጠራቀሚያ ለሌለው መኪና የተሠሩ ስለሆኑ የላይኛው ጎሚኒ የላቸውም፤ ቁጥሩ 7 ቢሆንም ላንተ አይሆኑም።

ጥያቄ፦ ሰማያዊ1200

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመሃሏ ቆርቆሮ ደርቃ ተጣብቃለች፤ ቀጭኗ ቱቦ ግን ክፍት ናት። ርዝመቱን ለክቼ 0.5 እፈልጋለሁ። ክዳኑ ከተቀየረ በኋላም ብታፈላስ ቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ ቴስታታና በሲሊንደሮቹ መሃል ያለው ማሸጊያ) መሆኑን በምን ለይቼ አውቃለሁ? ውሃውስ ስንት ይይዛል?

መልስ፦ ቴስታታ

ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሳና የላይኛውን ቱቦ ያዝ። ገና ሳይሞቅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ግፊቱ ከሲሊንደር ነው የሚመጣው፤ ጋስኬት ነው። ጋዝ እየገባ ከሆነ ክዳኑን ከፍተህ ስታስነሳም አረፋው ሳያቋርጥ ይወጣል።

ሂተሩን ጨምሮ 9.85 ሊትር ይይዛል። 5 ሊትር አንቲፍሪዝ፣ ቀሪው ዲስቲልድ ውሃ። ስትሞላ የሂተሩን መክፈቻ ክፈት፤ ካልከፈትክ አየር እዚያ ይታሰራል። ማጠራቀሚያው ላይ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ከዝቅተኛው ምልክት 3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል።

ክዳኑን በሙቅ ሞተር አትንካ። 100 ያለፈ ውሃ ግፊቱ ድንገት ሲለቀቅ በአንዴ እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይመጣል። ቱቦውን በባዶ እጅ ጨብጠህ መቆየት እስክትችል ጠብቅ፤ ከዚያ ወፍራም ጨርቅ ደርበህ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ አዙር፣ መንፋቱ ሲያበቃ ተጭነህ ጨርሰው።