ጂኤችሲአይ ሲነሳ ኤክስቴንሽን እንዲያበራልኝ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሃስኬል የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ጂኤችሲአይን (የሃስኬል ኮድ እየተየብን ወዲያው የምንሞክርበትን ፕሮግራም) በከፈትኩ ቁጥር «:ሴት -ኤክስኦቨርሎድድስትሪንግስ» እጽፋለሁ። ይህ በጥቅስ ምልክት ያለ ቃል ቴክስትም እንዲሆን የሚፈቅደውን ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ተጨማሪ የቋንቋ ገጽታ፣ ያበራል። ከረሳሁት፣ ቴክስት (ከተለመደው ስትሪንግ የተለየ የጽሑፍ ዓይነት) ለሚቀበል ፈንክሽን በጥቅስ ምልክት ያለ ቃል ስሰጠው «የጠበቅኩት ቴክስት፣ የሰጠሽኝ ስትሪንግ» ዓይነት ስህተት ያወጣብኛል። ስዘጋው ደግሞ ሁሉም ይጠፋል። ገና ሲነሳ ራሱ እንዲያበራው ማድረግ ይቻላል? (ኮማንዶቹን በእኛ ፊደል ጻፍኳቸው እንጂ የሚተየቡት በእንግሊዝኛ ነው።)

መልስ 1፦ እንዴታ! ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ተርሚናሉ ላይ «ጂኤችሲአይ -ኤክስኦቨርሎድድስትሪንግስ» ብለሽ ክፈቺው። በኤክስና በስሙ መሃል ክፍተት የለም፤ ትልቅና ትንሽ ፊደሉንም ጠብቂ። ለዘወትር ከፈለግሽ፣ በሊኑክስና በማክ ሆም ፎልደርሽ ውስጥ «.ጂኤችሲአይ» የሚባል ፋይል ፍጠሪ። ስሙ በነጥብ ይጀምራል። ያንን የ«:ሴት» መስመር እዚያ ጻፊው፤ ሲነሳ ያነበዋል።

መልስ 2፦ እህቴ፣ ፋይሉ ትክክል ነው፤ ግን እባክሽ «:ሴት» ሳይሆን «:ሴትአይ» ብለሽ ጻፊ። «:ሴት» ፕሮምፕቱ (ጂኤችሲአይ ውስጥ የሚተየብበት መስመር) ላይ የምትጽፊውንም፣ የምትጭኛቸውን ፋይሎችም ይነካል። «:ሴትአይ» ግን ፕሮምፕቱን ብቻ ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ አንድ ሳምንት የለፋሁበትን ፋይል ለጓደኛዬ ላክሁ። እኔ ጋ ይሠራል፣ እሱ ጋ ገና በመጀመሪያው መስመር ይወድቃል። ለካ ኤክስቴንሽኑ ያለው እኔ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው! ፋይሉ ራሱ ኤክስቴንሽን ከፈለገ አናቱ ላይ በላንጉዌጅ ፕራግማ (ፋይሉ የሚፈልገውን ኤክስቴንሽን በሚናገር መስመር) ይጻፍ። በካባል (የሃስኬል ፕሮጀክት መገንቢያ መሣሪያ) የምትሠሪ ከሆነ በፕሮጀክቱ የካባል ፋይል «ዲፎልት-ኤክስቴንሽንስ» ውስጥ አስገቢው፤ ጂኤችሲአይን በ«ካባል ሬፕል» ስትከፍቺ አብሮ ይነሳል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ፋይሉን ፕሮጀክቴ ፎልደር ውስጥ አድርጌ ሞከርኩት። «ሌላ ሰው ሊጽፍበት ይችላል፣ ትቼዋለሁ» የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ።

መልስ 3፦ አትደንግጪ፣ ጥበቃ ነው። እዚያ ፋይል ውስጥ ያለው ኮማንድ ሳትጠየቂ ስለሚሠራ፣ ሌላ ተጠቃሚ ሊቀይረው የሚችለውን ፋይል ጂኤችሲአይ አያነብም። ሌሎች እንዳይጽፉበት «ሲኤችሞድ ጂኦ-ደብሊዩ» የሚለውን ኮማንድ ተርሚናሉ ላይ ጽፈሽ የፋይሉን ስም አስከትዪ። ፎልደሩም እንደዚያው ክፍት ከሆነ ለእሱም ድገሚው። ከዚያ «:ሾውአይ ላንጉዌጅ» በዪ፤ ፕሮምፕቱ ላይ የሚሠራውን መሠረታዊ የቋንቋ ስሪትና በላዩ የተጨመረውን ይዘረዝርልሻል።

ሌላም ነገር ልንገርሽ። ከጂኤችሲ (የሃስኬል ኮምፓይለር) 9.2 ጀምሮ ዲፎልቱ ጂኤችሲ2021 የሚባለው የኤክስቴንሽኖች ስብስብ ስለሆነ፣ እንደ ታፕልሴክሽንስና ታይፕአፕሊኬሽንስ ያሉት ኤክስቴንሽኖች አስቀድመው በርተዋል። ኦቨርሎድድስትሪንግስና ላምዳኬዝ ግን እዚያ ውስጥ የሉም፤ እነሱን ራስሽ ጻፊያቸው።

ጠያቂ፦ ሠራ! ችግሩ ፎልደሩ ነበር። ኦቨርሎድድስትሪንግስ ዝርዝሩ ውስጥ ወጣልኝ። አሁን ለቡድኔ የምልካቸው ፋይሎች አናት ላይ ፕራግማውን እየጨመርኩ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።