ልጆችን ጫካ ውስጥ ለማስተማር የት ልልመድ? ጉለሌ፣ እንጦጦ ወይስ መናገሻ ሱባ? (ጥቆማ)

የክበቡ መምህርት፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡንም የያዝኩት እኔ ነኝ። ልጆቹን ከግቢ አውጥቼ ጫካ ውስጥ ማስተማር እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ግን እኔ ራሴ መልመድ አለብኝ፤ ዛፍ መለየት፣ ወፍ ማየት፣ ልጆች ሳይበታተኑ መምራት። የሞከራችሁ ጠቁሙኝ።

የሽሮ ሜዳው፦ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል! ሌላ ቦታ አትድከሚ። 705 ሄክታር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር አብረው ያቋቋሙት ነው። ከጉለሌ የሚበልጥ የለም፣ አለቀ።

ሮቢ፦ ከቦታው በፊት ስለ አስጎብኚው አስቢ። የእህቴን ልጆች በአንድ አስጎብኚ ድርጅት በኩል ጫካ ወሰድኳቸው። መኪናው አርፍዶ መጣ። ደርሰን ደግሞ ሙዚቃ ከፈቱ። ትልቋ «ይሄ ምን ዛፍ ነው?» ስትለው አስጎብኚው «ዛፍ ነዋ» አላት። ትንሹን ሳማ ለበለበው፤ እጁ ተንደብድቦ ሲያለቅስ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን እንኳ አልነበራቸውም። ገንዘባችንን መልሱ ስንል ስልክ አያነሱም።

ማሚ፦ ውይ በስመአብ! ማን ናቸው? በውስጥ ላኪልኝ።

ዳጊ፦ እኛንም ቀብድ ተቀብለው ዛሬ ነገ ሲሉን ክረምት ገባ። ሁሉም ያው ናቸው።

ናቲ፦ እንጦጦ ፓርክ ሂጂ መምህርት። ፈረስ አለ፣ ካፌ አለ፣ መንገዱም ምቹ ነው። ልጆቼ እስካሁን «መቼ ነው የምንሄደው?» ይሉኛል።

የሱባ ወዳጅ፦ እሷ የጠየቀችው ስለ ዛፍ ነው። ስለ ማኪያቶ የሚጠይቅ ሲመጣ እንጠራሃለን።

ናቲ፦ ምን አስቆጣህ? ልጅ ጫካውን መጀመሪያ ሲወደው ነው የሚማረው።

የሱባ ወዳጅ፦ እሺ፣ ይቅርታ ወንድሜ። መምህርት፣ መናገሻ ሱባን እይው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ አንድ ላይ ታገኛለሽ። ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላም አሉ።

በጽድ ጀምሪ። የሐበሻ ጽድና የፈረንጅ ጽድ ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ፍሬያቸውን ግን ከመሬት አንሺና እይው። የሐበሻው ትንሽ ክብ ፍሬ ነው፤ ሲበስል ሰማያዊ ወደ ጥቁር ይሄዳል፣ በጣት ሲጫኑት ይፈርጣል። የፈረንጁ ተለቅ ያለ ሆኖ እንደ እንጨት የጠጠረ ነው፤ ሲደርቅ ይከፈታል። ስሙን ከመንገርሽ በፊት ሁለቱንም እጃቸው ላይ አድርጊላቸው፤ ልዩነቱን ራሳቸው ይናገሩ። ቀጥሎ ባሕር ዛፍ ሥርና ነባር ዛፎች ሥር ያለውን መሬት ያነጻጽሩ። የትኛው ሥር ብዙ ዓይነት ተክል በቀለ? ይሄ ብቻ የአንድ ቀን ትምህርት ይወጣዋል።

ልጆች ከመውሰድሽ በፊት ግን መንገዱን አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሂጂበት። የት እንደሚያርፉ፣ የት ሳማ እንዳለ እይ። ከፊት አንድ መምህር፣ ከኋላ አንድ መምህር ይኑር። በክረምት አትሞክሪው፣ መንገዱ ጭቃ ነው።

የሽሮ ሜዳው፦ የሐበሻ ጽድ ጉለሌም አለ እኮ! ለምን ሰበታ ድረስ ትሄዳለች? ለጀማሪ ቅርቡ ይሻላል።

ማሚ፦ ለሱባ ምን ዓይነት ጫማ ይሆናል? ልጄ ያለው ሸራ ብቻ ነው።

ዳጊ፦ ሳልባጅ ተራ ሂጂ። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ፈልጊ። አዲስ ከሆነ ቀድሞ ሰፈር ውስጥ ይልመደው፣ አለዚያ ይልጠዋል።

የክበቡ መምህርት፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ የጽዱን ነገር ጽፌ ያዝኩት። ክበቡ ውስጥ 40 ልጆች አሉ፤ ሁሉንም በአንዴ ልውሰድ ወይስ ልከፋፍላቸው?

የሱባ ወዳጅ፦ ከፋፍያቸው። ብዙ ሲሆኑ የኋለኞቹ ምንም አይሰሙም፣ ወፉም ጫጫታውን ሰምቶ ይሄዳል።

ሮቢ፦ ያ ድርጅት እስካሁን ገንዘቤን አልመለሰም።

ማሚ፦ ስሙን ላኪልኝ አልኩሽ እኮ ሮቢዬ።