«ዝተቷ» የሚል ስም አወጡልኝ፤ ሥራውን ልተወው ወይስ ልቻለው?

የመንዟ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ስሙ ይቅር። ከገባሁ 1 ዓመት ከ4 ወር ሆነኝ።

ነገሩ የጀመረው ታኅሣሥ ላይ ነው። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ውርጭ የቀመሰ ያውቀዋል። እናቴ ከመሐል ሜዳ የላከችልኝን የበግ ጠጉር ልብስ ደርቤ ገባሁ። ሱፐርቫይዘሩ «ዝተት ለብሳ መጣች!» አለ። የስፌት መስመሩ ሠራተኛ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ዝተቷ ሆነ። (ዝተት እኮ ከበግ ጠጉር የሚሠራ፣ መንዝ ውስጥ ስንቱን ከብርድ ያዳነ ነገር ነው!)

ስሙ ብቻ ቢሆን ግድ የለም። አሁን ሽንት ቤት ስሄድ ሰዓት ይይዝብኛል። የሌላ ሰው ስህተት በስብሰባ የኔ ተብሎ ይነሣል። ደግሞ ከኋላዬ መጥቶ ዝም ብሎ ይቆማል። ከስድቡ ይሄ ይብሳል። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ኮሌታው ይጣመምብኛል፣ ያኔ «አላልኳችሁም?» ይላል። ጉራ አይሁንብኝና፣ ድሮ ኮሌታ ላይ የሚያህለኝ አልነበረም።

እሑድ ከሰዓት ሲሆን ሆዴን ይቆርጠኛል። ሌሊት 9 ሰዓት እነቃና ሰርቪስ እስኪመጣ ጣራ ሳይ አድራለሁ።

ለመጻፍ ያስነሣኝ ግን ሌላ ነው። አብራኝ የምትኖር ታናሽ እህት አለችኝ፣ 8ኛ ክፍል ናት። ማክሰኞ ሽሮ አሳረረች። «አንቺ ደንቆሮ፣ እጅሽ ለምንድነው የተፈጠረው?» አልኳት። ቃል በቃል የሱ ነው። ድምፁ ሳይቀር። ልጅቷ ማማሰያውን እንደያዘች አፍጥጣ አየችኝ።

ሹፌሩ ከሸዋ ሮቢት፦
ልጄ፣ 22 ዓመት የሰው መኪና ነድቻለሁ። ያልሰማሁት ስድብ የለም። እንጀራ ነው፣ ቻይው። አለቃ ይቀየራል።

ነርስ ነኝ፣ ደብረ ሲና፦
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ «ቻይው» እየተባለ ነው ሰው የሚታመመው። እህቴ፣ ሰውነትሽ ቀኑን ሙሉ ለጸብ እንደተዘጋጀ ይውላል። እንቅልፉም ሆዱም እጁም የሚረበሸው ለዚህ ነው። ሲቆይ ደም ግፊትና ድብርት ሊያመጣ ይችላል። ሙያሽ አልጠፋም፣ ፍርሃት ነው እጅሽን የያዘው። ጨጓራ ነው ብለሽ ብቻ አትለፊው፤ ሐኪም ቤት ስትሄጂ ይህን የጻፍሽውን እንዳለ ንገሪያቸው።

ሰው ኃይል የነበርኩ፦
ደብተር ግዢ። ቀን፣ ሰዓት፣ ምን አለ፣ ማን ሰማ። ከዚያ ለአስተዳደሩ በጽሑፍ አመልክቺ፣ ቅጂውን አስፈርመሽ ያዢ። ያለዚያ ነገ «አናውቅም ነበር» ይሉሻል፣ እኔም ስንቱን እንደዚያ ስል ኖሬያለሁ። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ አብሮሽ ይግባ። በአዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 32 አሠሪው ሰብዓዊ ክብርሽን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመብሽ ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችያለሽ፣ ካሳም አለው። ግን የአለቃው ድርጊት የአሠሪው ነው ወይ ተብሎ ሊያከራክር ስለሚችል ወረቀቱ ይቅደም። ተናደሽ ጠፍተሽ እንዳትቀሪ፤ በመደበኛው መንገድ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ አለብሽ።

የመንዟ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ደብተሩን ነገ እገዛለሁ። ጋሼ፣ ድፍረት አይሁንብኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። 22 ዓመት ሲችሉት፣ ማታ ቤት ሲገቡ ማን ላይ ነበር የሚጮሁት?

ሹፌሩ ከሸዋ ሮቢት፦
ጥያቄሽን ለባለቤቴ አነበብኩላት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።
ደብተሩን ዛሬውኑ ግዢው ልጄ።