የእህትማማቾቹ የካንትሪ አልበም፦ አንደኛዋ ድምፅ የት ትገባለች?

የሞጣው፦
እንዴት ሰነበታችሁ። የፈርስት ኤይድ ኪትን «ዘ ላየንስ ሮር» (በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣውን) ደብረ ማርቆስ ሚሞሪ ካርድ ላይ አስጭኜ እየሰማሁት ነው። ስዊድናውያኑ እህትማማቾች ክላራና ዮሃና ሶደርበርግ ማለቴ ነው። በኢርፎን ስሰማው ጊታሩና ኢኮው ጎልቶ ዘፋኞቹ ጉድጓድ ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። በስልኩ ስፒከር ሲሆን ድምፃቸው ይመለሳል፣ ግን ሁለት መሆናቸው አይለይም። ፋይሉ ነው፣ ስልኩ ነው ወይስ ጆሮዬ? ደግሞ ከእህቴ ጋር አዝማቹን ልንዘፍን ስንሞክር ሁለታችንም አንድ ዜማ ላይ እንወድቃለን። እንዴት ነው የሚለማመዱት?

ጥገና ቡሬ፦
ጆሮህም ፋይሉም ደህና ነው፤ ጥፋቱ ጃኩ (ስልኩ ላይ የሚሰካው የኢርፎኑ ጫፍ) ጋ ነው። ዘፈን ሲሚክስ (ድምፆቹ ሲቀላቀሉ) አብዛኛውን ጊዜ የዘፋኝ ድምፅ ለግራና ለቀኝ እኩል ይሰጣል፣ ጊታሩና ኢኮው ወደ ጎን ይገፋል። ሁለቱ ጆሮዎች የሚጋሩት ግራውንድ ሽቦ ሲበጠስ ወይም ሳይገናኝ ሲቀር የምትሰማው የግራና የቀኝን ልዩነት ብቻ ነው። እኩል የነበረው ተጣፍቶ ይቀራል፤ ያ ደግሞ ዘፋኙ ነው።

መጀመሪያ የስልኩን ከቨር አውልቅና ጃኩን ቀጭ እስኪል ግፋው። ወፍራም ከቨር ግማሽ ሚሊሜትር ከከለከለው ይበቃል። ቀዳዳው ውስጥ የኪስ ብናኝ ካለ ስልኩን አጥፍተህ በእንጨት ስቴኪኒ አውጣው፣ በመርፌ አይሆንም። አሁንም ካልተስተካከለ የኢርፎኑ ገመድ ላይ ያለውን የማይኩን ቁልፍ ተጭነህ ያዝ። ስትይዘው ዘፋኞቹ ከመጡ ኢርፎኑ ግራውንዱና የማይኩ ቦታ የተለዋወጠበት የቆየ ዓይነት ነው፤ ለዚህ ስልክ አይሆንም፣ ማይክ የሌለው ግዛ።

ቁልፉ ለውጥ ካላመጣ ገመዱን ጃኩ ሥር አጠፍ አጠፍ አድርገው። ድምፃቸው መጣ ሄደት ካለ ሽቦው እዚያው ተበጥሷል። 3 ሳንቲሜትር ያህል ቆርጦ አዲስ ጃክ መበየድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀዩ ቀኝ፣ አረንጓዴው ወይም ሰማያዊው ግራ፣ የመዳብ መልክ ያለው ግራውንድ ነው። እነዚህ ቀጫጭን ሽቦዎች ቀለም የተቀቡ ስለሆኑ ጫፋቸው በጋለ ካውያ ወይም በላይተር ሳይቃጠል የመበየጃው ቆርቆሮ አይዝም። ብዙ ሰው «በይጄው እንደገና ጠፋ» የሚለው ለዚህ ነው።

ፋይሉንም ለማጣራት መጠኑን እይ። 4 ደቂቃ ዘፈን በሰከንድ 320 ኪሎቢት 9.6 ሜጋባይት፣ በ128 ደግሞ 3.8 ገደማ ይሆናል። 2 ሜጋባይት ካልሞላ ተጨምቋል፣ ሁለት ተቀራራቢ ድምፅ መለየት ያስቸግራል፤ እንደገና አስጭን።

ባለክራር፦
ጥገና ጨርሶታል፤ እኔ ወደ ድምፁ ልግባ። ሁለቱም መሀል ስለሚቀመጡ በግራና ቀኝ ባላንስ ልትለያቸው አትችልም። የምትለያቸው በድምፃቸው ከፍታና ዝቅታ ነው። 2ኛውን ዘፈን ውሰድ፤ የአሜሪካ ካንትሪ ዘፋኞቹን ኤሚሉ ሃሪስንና ግራም ፓርሰንስን፣ ጁን ካርተርንና ጆኒ ካሽን የሚጠራውን። አዝማቹ ጋ ስትደርስ ቪኤልሲ (የስልክ ማጫወቻ አፕ) ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.75 አውርደው፣ ቃናው አይወርድም። አዝማቹን ሁለት ጊዜ ስማው፦ አንዴ ዋናውን ዜማ ብቻ እያንጎራጎርክ፣ አንዴ ደግሞ አንተ ዝም ብለህ ከዜማው በላይ ወይም በታች የቀረውን እየፈለግህ። የሚንሸራተት፣ የሚያለቅስ ነገር ከሰማህ ሦስተኛ ዘፋኝ እንዳይመስልህ፤ ፔዳል ስቲል የሚባለው ጊታር ነው። የመጨረሻው፣ 10ኛው ዘፈን ላይ ግን የወንድ ድምፅ እውነት አለ፣ አሜሪካዊው ዘፋኝ ኮነር ኦበርስት ነው።

አንድ ዜማ ላይ መውደቃችሁ አይገርምም። እኛ ጋ አውጪው ይላል፣ ተቀባዩ ይመልሳል፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲል ዜማው አንድ ነው። እነዚህ ግን ያንኑ ቃል በዚያው ቅጽበት በሌላ ድምፅ ይሉታል። ሁለተኛዋ አብዛኛውን ጊዜ በዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ ደረጃ ከዜማው በላይ ሁለት ደረጃ ርቃ ትሄዳለች፦ ዶ ሲባል ሚ፣ ሬ ሲባል ፋ፣ ሚ ሲባል ሶል፣ ሶል ሲባል ሲ፣ ላ ሲባል ዶ። አሁን ትዝታን አስብ፦ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ፋና ሲ የሉም! በትዝታ ያደገ ጆሮ ፋ ላይ ሲደርስ ወደ ሚ ይንሸራተታል፣ ሲ ላይ ሲደርስ ወደ ዶ ይወጣል። ጊታሩ የሶል ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ይዞ በውስጡ ሲ እየጮኸ እህትህ ዶ ስትል በግማሽ ድምፅ ይፋጫሉ። ያኔ ሳታውቁት ሸሽታችሁ ዜማው ላይ ትገናኛላችሁ።

መድኃኒቱ ክራር ላይ አለ። በትዝታ ከቃኘኸው በኋላ የዶን አውታር ግማሽ ድምፅ አላላው፣ ሲ ይሆናል። የሚን ግማሽ ድምፅ አጥብቀው፣ ፋ ይሆናል። አንተ ሬ ያዝ፣ እህትህ ፋን ከክራሩ ጋር ትበል፤ ቀጥሎ አንተ ሶል፣ እሷ ሲ። በቃል ሳይሆን በ«ኡ» አድርጉት፣ ምክንያቱም ግጥሙ ሲገባ ጆሮ ወደለመደው ይሮጣል። እነዚህ ሁለቱ ሳይንሸራተቱ ሲቆሙ ወደ ዘፈኑ ግቡ።

ሁልጊዜ ሁለት ደረጃ አይደለም ታዲያ። ዜማው ዶ ላይ ሆኖ ጊታሩ የፋ ኮርድ ሲመታ ላይኛዋ ሚ ብትል ከኮርዱ ጋር ትጋጫለች፣ ስለዚህ ፋ ላይ ትቆማለች። አዝማቹ ላይ አንድ ቦታ ብቻ «አልገጠመም» ካላችሁ መጀመሪያ ኮርዱ ተቀይሮ እንደሆነ እዩ።

ዳሞቴ፦
ባለክራር ልክ ነው፣ ግን በዚህ አልበም ባትጀምር እመርጣለሁ። መሣሪያው ይበዛል። የአሜሪካኖቹን ዘፋኞች የኤቨርሊ ወንድማማቾችን የ1950ዎቹን ቅጂ ስማ፤ ዶን የሚባለው ወንድም ታችኛውን፣ ፊል ላይኛውን ድምፅ፣ ሥርዓቱን ይዘው ነው የሚሄዱት። ያኔ የተቀዳውም በአብዛኛው ሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ) ስለሆነ ስልክህ ስፒከር ላይ ብዙ አይጎድልብህም። የሉቪን ወንድማማቾች፣ አይራና ቻርሊ፣ ለጀማሪ ይከብዳሉ፦ ዘፈኑ መሀል ታችና ላዩን ይለዋወጣሉ፣ ማን የቱን እንደያዘ ይጠፋብሃል። ኢኳላይዘር (ቤዝና ቀጭን ድምፅ ማስተካከያውን) የምትነካ ከሆነ ቤዙን ቀንስ እንጂ ሌላውን አትጨምር፤ ከበሮው ነው ታችኛዋን ድምፅ የሚሸፍናት።

የሞጣው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከቨሩን ሳወልቀው ዘፋኞቹ መጡ! ባለክራር፣ የእኔ ክራር 5 አውታር ብቻ ነው፤ ዶን ሳላላው ሲው ከሶል በታች ሆነብኝ፣ ላይ ሳይሆን።

ባለክራር፦
ይሁን፣ ያው ሲ ነው። እህትህ ከክራሩ ትስማውና አንድ ኦክታቭ (ያንኑ ሲ ላይኛው ቦታ ላይ) ከፍ አድርጋ ትበለው። ካልደረሰችበት አንተ ላይኛውን ያዝና እሷ ዜማውን ትምራ፤ ወይም ሁለታችሁም አንድ ሁለት ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። አውታሩን ስታላላ ቀስ በል፣ ስትመልሰውም ከታች ወደ ላይ አጥብቀህ ቃኘው፤ ከላይ ወደ ታች ካላላኸው ትንሽ ቆይቶ ይወርዳል።