ብሪቲሽ ሾርትሄር ድመቴ መታቀፍ አትወድም፤ ጠልታኝ ይሆን?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከ3 ሳምንት በፊት አንዲት ብሪቲሽ ሾርትሄር ድመት ከጓደኛዬ ተቀበልኩ። 2 ዓመቷ ነው። ግራጫ ስለሆነች ጭጋግ እላታለሁ። ሳነሳት ደርቃ ትቀራለች፤ ወዲያው ታግላ ትወርዳለች። ጭኔ ላይ አንድም ቀን ተቀምጣ አታውቅም። ግን ከክፍል ክፍል ትከተለኛለች፤ ሌሊትም እግርጌዬ ትተኛለች። በልጅነቴ ያሳደግኳቸው ድመቶች ከጭኔ አይወርዱም ነበር። እውነቱን ለመናገር ሆድ ብሶኛል። ጠልታኝ ነው? ፀጉሯ አጭር ስለሆነ አላበጥራትም፤ ሳህኗም ባዶ ሲሆን እሞላላታለሁ። ልክ ነኝ?

ባለ ጢሟ፦
አይዞሽ እህቴ፣ ትለምዳለች። በቀን 10 ደቂቃ አጥብቀሽ አቅፈሽ ያዣት፤ እኔ አንዷን እንደዚያ ነው ያለማመድኳት።

የሁለት ድመት አባት፦
ይቅርታ ባለ ጢሟ፣ በዚህ አልስማማም። ይህች ድመት በግድ ስትያዝ የምትማረው አንድ ነገር ነው፤ ከእጅሽ መሸሽ።

ጀማሪዋ፣ ብሪቲሽ ሾርትሄሮች ብዙዎቹ ሰው አጠገብ መሆን ይወዳሉ እንጂ መታቀፍ አይወዱም። ከክፍል ክፍል የምትከተልሽ ድመት እንዴት ትጠላሻለች? የኔ ትልቁ ድመት አሁን 11 ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ጭኔ ላይ የወጣው በ4 ዓመቱ ነው፤ ያውም ለደቂቃ። ያቺን ደቂቃ እስከ ዛሬ አልረሳትም።

መሬት ላይ ቁጭ በይ። ጣትሽን በአፍንጫዋ ልክ ዘርጊላትና ጠብቂ። ራሷ መጥታ ጉንጯን ካሻሸችብሽ አገጯ ስር እከኪላት፤ ሆዷን ተዪው። ስታይሽ ዓይንሽን ቀስ ብለሽ ጨፍነሽ ግለጪ። ብዙ ጊዜ እሷም መልሳ ትጨፍንልሻለች።

ፀጉሯ አጭር ይባል እንጂ ስስ አይደለም። ደረቷ ላይ በጣትሽ ከፈል አድርጊው፤ ቆዳዋ በቀላሉ አይታይሽም። ከስር እንደ ጥጥ የታጨቀ ሌላ ፀጉር አለ። በሳምንት አንዴ ሁለቴ በጎማ ብሩሽ አበጥሪያት፤ ፀጉሯን በምትጥልበት ሰሞን ደግሞ ጨምሪ። ካልተበጠረች እየላሰች ትውጠውና ጠቅልላ ታስመልሰዋለች።

በጣም የምለምንሽ ስለ ምግቧ ነው። እኔም እንዳንቺ ሳህን እሞላ ነበር። ክብ ፊት፣ ወፍራም አንገት ያለው ዘር ስለሆነ ውፍረቱ አልታየኝም። ሐኪም ሚዛን ላይ ሲያወጣው 9 ኪሎ ሆነ። የዚህ ዘር ወንዱ በአብዛኛው እስከ 8 ኪሎ ነው፤ ሴቷ ታንሳለች። ከዚያ በኋላ ምግቡን በግራም እየመዘንኩ፣ በቀን 2 ጊዜ ከፋፍዬ ሰጠሁት። ለመቀነስ 1 ዓመት ገደማ ፈጀብን። ግን ድመትን በአንዴ ማስራብ አደገኛ ነው፤ ጉበቷ ይጎዳል። ጎኗን ዳብሺያት፤ የጎድን አጥንቷ በቀላሉ እጅሽ ላይ ካልመጣ ከሐኪም ጋር ተማከሪ።

ሌላው ልብ ነው። የልብ ጡንቻ መወፈር የሚባለው በሽታ ይህን ዘር ያጠቃዋል፤ ለረጅም ጊዜም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ሐኪሙ ልቧን በአልትራሳውንድ ቢያይልሽ ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ላይ ስትሆን ትንፋሿን ቁጠሪ። ደረቷ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው። በደቂቃ በተደጋጋሚ ከ30 ካለፈ አታሳድሪው፣ ሐኪም ጋ ውሰጃት። እኔ የሁለቱንም ድመቶቼን ትንፋሽ በየሳምንቱ እቆጥራለሁ።

ባለ ጢሟ፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። የኔዋ ሌላ ዘር ነበረች፤ ምክሬን ተዪው።

ጀማሪዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዳላችሁኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ለረጅም ጊዜ በር ላይ ሆና አየችኝ። ከዚያ መጥታ ጀርባዋን ጉልበቴ ላይ ደገፍ አድርጋ ተኛች። ጭኔ ላይ ሳይሆን አጠገቤ። እጄን ሳላነሳ ትንፋሿን ቆጠርኩ፤ 22። ነገ ሚዛን እገዛለሁ።