ከሐሞት ቱቦ አጠገብ ያለን የጉበት ዕጢ በማይክሮዌቭ ሙቀት ማከም ይቻላል?

ለዓመታት ሄፓታይተስ ቢ የነበረበትና ጉበቱ ጠባሳ የያዘው የ64 ዓመት አባቴ፣ 2.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ የጉበት ካንሰር ተገኝቶበታል፤ ሆዱ ውሃ አልቋጠረም፣ ዓይኑም ቢጫ አልሆነም። ጉበቱ ቀዶ ሕክምና እንደማይችል ስለተነገረን፣ ቀጭን አንቴና በቆዳ በኩል አስገብቶ ዕጢውን በማይክሮዌቭ ሙቀት ወደሚገድለው ሕክምና ተላክን። ሆኖም አባቴ ልብሱን ቀይሮ አልጋው ላይ ከተኛ በኋላ፣ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ሲመለከት ዕጢው ከዋናው የሐሞት ቱቦ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ እንደሚርቅ አይቶ፣ ሙቀቱ ቱቦውን እንዳይጎዳው በመሥጋት ሥራውን አቆመ። ትልቅ የደም ሥር ቢሆን የሚፈሰው ደም ሙቀቱን እየወሰደ ግድግዳውን በተወሰነ ደረጃ ይጠብቀው ነበር፤ የሐሞት ቱቦ ግን ይህ መከላከያ የለውም። ሌላ ባለሙያ ስንጠይቅ ደግሞ በዕጢው ውስጥ አልኮል መውጋትን አማራጭ አድርጎ ነገረን። በዚህ ሙያ የምትሠሩ ሐኪሞች፣ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ቱቦውን በቀዝቃዛ ፈሳሽ እየጠበቁ ማይክሮዌቩን መጠቀም ይሻላል ወይስ አልኮሉን?